ያነሣው ጠባይ ሲጥለው

ስለ ትራጄዲ፣ ማለትም የጀግናውን ውድቀት ስለሚያሳይ ተውኔት፣ ጀግኖች በተነጋገርን ቁጥር የሚደጋገም አንድ አባባል አለ፤ ሰውየው ታላቅ ነበር፣ ነገር ግን አንዲት ጉድለት ነበረችበትና እርሷ ጣለችው ይባላል። በዚህ አነጋገር ጉድለቱ በነጭ ልብስ ላይ እንደ ወደቀ እድፍ ይቆጠራል፤ በጊዜ ቢታጠብ ኖሮ ይለቅ፣ ጀግናውም ይተርፍ ነበር። ለእኔ ግን ተውኔቶቹ የሚሉት ይህን አይመስለኝም። ጉድለት የምንለው ነገር ከልብሱ ድርና ማግ ጋር አብሮ የተሸመነ ነው፤ እርሱን መዝዞ ማውጣት ልብሱን መተርተር ነው።

የጥንቱ የግሪክ ፈላስፋ አርስቶትል ስለ ሥነ ግጥም በጻፈው ድርሳን ምዕራፍ 13 ላይ፣ የትራጄዲ ጀግና በደግነቱ ከሰው ሁሉ የላቀ ወይም ለይቶለት የከፋ እንዳልሆነ፣ የሚወድቀውም በክፋቱ ሳይሆን በ«ሐማርቲያ» እንደሆነ ይናገራል። ይህ የግሪክ ቃል ዒላማን መሳትን ያመለክት የነበረ ሲሆን፣ ዘግይቶ በአዲስ ኪዳን ኃጢአት ማለት ሆኗል። የእኛም ቃል የሄደው በዚሁ መንገድ መሆኑ ይገርመኛል፤ በግእዝ «ኀጥአ» በደለ ማለት ብቻ ሳይሆን አጣ፣ ሳያገኝ ቀረ ማለትም ነው። አርስቶትልን የምንረዳው ወደዚህኛው ፍቺ ስንጠጋ ነው። ዒላማውን የሳተ ሰው ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ክንዱ ባይበረታ ኖሮ ፍላጻው ያን ያህል ርቆ ባልሄደ።

የጥንቱን ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት የሶፎክለስን ኤዲፐስ እንመልከት፤ ሳያውቅ አባቱን የገደለ፣ እናቱንም ያገባ የቴብስ ከተማ ንጉሥ ነው። ቁጡና ተጠራጣሪ መሆኑ አይካድም፤ ዓይነ ስውሩ ነቢይ ቲሬስያስ እውነቱን ሲነግረው በሤራ ይከስሰዋል። የሚያጠፋው ግን ቁጣው ሳይሆን ካላወቅሁ አላርፍም ባይነቱ ነው። ስፊንክስ የምትባለውን ጭራቅ እንቆቅልሽ ፈትቶ ቴብስን ያዳነውና ዙፋን ላይ የወጣው በዚሁ ጠባዩ ነበር። ከተማዋን መቅሠፍት ሲመታት የቀድሞውን ንጉሥ ገዳይ ለማግኘት የሚነሣውም በዚሁ ነው። ሚስቱም እናቱም የሆነችው ዮካስታ ነገሩ ሲገባት ምርመራውን እንዲተው ትለምነዋለች፤ አይተውም። ምሥጢሩን የሚያውቀው ሽማግሌ እረኛ ሊናገር የሚፈራው ነገር አፋፍ ላይ መድረሱን ሲገልጽ፣ ኤዲፐስም ሊሰማ የሚፈራው ነገር አፋፍ ላይ ቆሞ፣ መስማት አለብኝ ይላል። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ምናልባት ይድን ነበር፤ ግን ያ ሰው ኤዲፐስ ባልሆነ።

የሼክስፒር ኦቴሎም እንዲሁ ነው። በቅናቱ ወደቀ ማለት ልክ ቢሆንም፣ ቅናቱ ለምን ያን ያህል እንደ ፈጠነ አይነግረንም። ኦቴሎ ወታደር ነው፤ በጦር ሜዳ የሚያመነታ አዛዥ ሠራዊቱን ያስፈጃል። ስለዚህ አንዴ ከተጠራጠረ ወዲያው መቁረጥ ልማዱ ሆኗል። ይህ ልማድ ወደ ትዳሩ ሲገባ አንዲት መሐረብ እንደ በቂ የክህደት ማስረጃ ተቆጥራ ሚስቱን ዴዝዴሞናን ታስገድላለች። ጥርጣሬውን የዘራበት የበታቹ ያጎ አዲስ ጠባይ አልፈጠረበትም፤ የነበረውን ኃይል ያለ ቦታው አዋለው እንጂ። ሌላው የሼክስፒር ጀግና፣ ሥልጣን ሽቶ ንጉሡን የሚገድለው ማክቤዝ ግን ለዚህ ሐሳቤ አይመችም፤ የሚሠራው ክፉ መሆኑን አስቀድሞ ያውቃልና፣ የእርሱ ነገር ከስሕተት ይልቅ ወደ በደል ያደላል።

ኤዲፐስ ከመወለዱ በፊት ዕጣው በትንቢት የተነገረበት ስለሆነ ጠባዩ ምን አደረገ የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው። ሆኖም ዴልፊ ባለው በአምላኩ በአፖሎ መቅደስ የተነገረው ትንቢት አባቱን እንደሚገድልና እናቱን እንደሚያገባ ተናገረ እንጂ፣ ምሥጢሩን ራሱ ፈልፍሎ እንደሚያወጣ አልተናገረም። ተውኔቱ ደግሞ የሚያሳየን ይህንን ፍለጋ ነው፤ ግድያውም ጋብቻውም መጋረጃው ከመከፈቱ ብዙ ዓመት በፊት አልፈዋል። ኤዲፐስ ራሱ ይህን ለይቶ ያውቃል። ዓይኖቹን አጥፍቶ ሲወጣ ኅብረ ዘማሪዎቹ የትኛው አምላክ ለዚህ እንዳነሣሣው ይጠይቁታል፤ መከራውን ያመጣው አፖሎ መሆኑን፣ ዓይኖቹን የወጋችው እጅ ግን የራሱ እንጂ የሌላ የማንም አለመሆኗን ይመልስላቸዋል።