ለማይቀባው ሽቶ ጠባቂዎች፣ ዕድሜ ይስጥልን!

«ፓቱ ፑር ኦም» የተባለው የወንዶች ሽቶ እ.ኤ.አ. በ1980 ፓሪስ ላይ ሲወጣ፣ ቀማሚው ዣን ኬርሌዮ ሰው ይቀባዋል ብለው አስበው ነበር። የዋህነት! ላቬንደሩን፣ ቁንዶ በርበሬውን፣ ሰንደሉንና ፓቹሊውን ተጨንቀው የለኩት ለሰው አንገት መስሏቸው ነው።

ደግነቱ የድሮ ሽቶ ሰብሳቢዎች ደረሱለት። አደራረሳቸውም ጨዋነት አለው። ሽቶው ሱቅ ውስጥ በደህና ዋጋ ቆሞ ሳለ ባለሱቁን አላስቸገሩም። ማምረት ቆመ ሲባል ግን ደረታቸውን እየደቁ ከተፍ! በቁሙ ጠይቀውት የማያውቁትን ሰው፣ ለቅሶው ላይ ከልጆቹ በላይ የሚያለቅሱለት ዓይነት ዘመዶች ናቸው። ለተጋመሰች ጠርሙስ በመቶ የሚቆጠር ዶላር ይከፍላሉ፤ ከፍለውም ማቀዝቀዣ ውስጥ ከቅቤው ጎን ያስተኟታል። መቀባት? ነውር ነው፤ ያልቃላ!

ኬርሌዮ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ቬርሳይ ላይ ባቋቋሙት ኦስሞቴክ በተባለው የሽቶ ማኅደር፣ የድሮ ሽቶዎች ጨለማ ውስጥ፣ 12 ዲግሪ ላይ፣ አየር እንዳያበላሻቸው በአርጎን ጋዝ ተሸፍነው ይቀመጣሉ። ጀግኖቻችን አርጎን የላቸውም፤ ጽናት ግን አላቸው። ቀድሞ የሚበላሸው የቤርጋሞቱ (የሎሚ ዘመድ ነው) ሽታ ከሄደ ቆይቷል፤ ክዳኑ ሲነሳ እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን አሴቶን ይላል። «ታገስ፣ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይመጣል» ይላሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። ይህን ትዕግሥት ለአማቶቻቸው ቢያውሉት ስንት ትዳር በዳነ!

ከሁሉ የሚያስመሰግናቸው ግን የጥንቱን ዝባድ መናፈቃቸው ነው። «የዘንድሮ ሽቶ ከላቦራቶሪ የወጣ ነው፤ ነፍስ የለውም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ የድሮው ነፍስ ነበረው። ነፍሱም የእኛው የጅማና የኢሉባቦር ጥርኝ ነበር፤ መዞሪያ በሌለው ጎጆ ተቆልፎ፣ በየጥቂት ቀኑ ከጅራቱ ሥር እየተፋቀ፣ ዝባዱ በበሬ ቀንድ ታሽጎ ፈረንሳይ ይገባ ነበር። ስለዚያ ወርቃማ ዘመን ጥርኙን የጠየቀው የለም እንጂ።

እ.ኤ.አ. በ2013 ሽቶው በአዲስ ቅማሬ ተመልሶ መጣ። ጠባቂዎቹ ናቁት፤ አፍንጫ ማድከም እንኳ አላስፈለጋቸውም፣ ጠርሙሱ ሥር ያለውን የምርት ቁጥር ማንበብ በቃቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ኤልቪኤምኤች የተባለው የፈረንሳይ የቅንጦት ዕቃዎች ኩባንያ የሽቶውን ባለቤት፣ የዣን ፓቱን ፋሽን ቤት፣ አብላጫ ድርሻ ገዛና የሽቶው ምርት ዳግም ቆመ።

አሁን ደግሞ አንዳንዶቹ ጀምረዋል፦ «አይ የ2013ቱ! እሱ ነበር እንጂ ሽቶ!»