በእኩዮች ፊት ማሳፈር ጥፋትን አያርምም

ሰሞኑን ስለ ተማሪዎች ሥነ ምግባር በተካሄደ የሬዲዮ ውይይት ላይ የቀረቡ አንድ ርዕሰ መምህር፣ ጥፋት የፈጸመ ተማሪ በጠዋት ሰልፍ ላይ ወጥቶ በጓደኞቹ ፊት ስሙና ጥፋቱ እንዲነበብ መወሰናቸውን በኩራት ተናግረዋል። ውሳኔው ራሱ ያሳዝናል፤ የበለጠ የሚያናድደው ግን «ልጅ ነው፣ በማግስቱ ይረሳዋል» የሚለው ማብራሪያቸው ነው። እኚሁ ሰው ጥቂት ቆይተው፣ ይህን ቅጣት የመረጡት ልጅን እንደ ጓደኛ ፊት የሚያርመው ነገር ስለሌለ መሆኑን ገልጸዋል። ታዲያ የቱን እንመን? በማግስቱ የሚረሳ ከሆነ ምኑን ያርማል? የሚያርም ከሆነስ እንዴት ይረሳል?

እንደማይረሳ ለማወቅ «ሳይበርቦል» የተባለውን ቀላል የኮምፒውተር ጨዋታ መመልከት ይበቃል። ተሳታፊው ከሁለት ሌሎች ጋር ኳስ ይቀባበላል፤ ትንሽ ቆይቶ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ብቻ እየተወራወሩ እሱን ይተዉታል። ስድብ የለም፣ የሚያጣው ሽልማትም የለም፤ ተጫዋቾቹን እንኳ የሚያንቀሳቅሳቸው ኮምፒውተሩ ነው። ናኦሚ አይዘንበርገርና ባልደረቦቻቸው በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በዚህ ጨዋታ የተገለሉ ሰዎች የአካል ሕመም ከሚያስከትለው ጭንቀት ጋር የተያያዘው የአንጎላቸው ክፍል ሲነቃቃ ታይቷል። ካትሪን ሰባስቲያን፣ ሣራ ጄን ብሌክሞርና ባልደረቦቻቸው በ2010 እ.ኤ.አ. ያንኑ ጨዋታ ለአዋቂ ሴቶችና በጉርምስና ላይ ላሉ ልጃገረዶች ሲሰጡ ደግሞ፣ ከተገለሉ በኋላ የልጃገረዶቹ ስሜት ከአዋቂዎቹ ይልቅ ወርዶ ተገኘ። በዓለም ላይ የሌለ ተጫዋች ኳስ ስለነፈገው የሚከፋው ልጅ፣ በየቀኑ አብሯቸው በሚማር፣ አብሯቸው በሚጫወት ጓደኞቹ ፊት ቆሞ ስሙ ሲነበብ ምን እንደሚሰማው ለመገመት ቤተ ሙከራ አያሻም። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ የሚሰማው የጥፋቱን ዝርዝር አይደለም፤ ከኋላ የሳቀው ማን እንደሆነ በድምፁ ለመለየት እየሞከረ ነው።

ነገሩ በሐዘን ብቻ ቢያበቃ እንኳ ባልከፋ ነበር። ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በመኪና መንዳት ጨዋታ ላይ ታዳጊዎቹ እኩዮቻቸው አጠገባቸው ሲሆኑ ብቻቸውን ከሚደፍሩት በላይ ደፍረዋል፤ አዋቂዎቹ ግን ብዙም አልተለወጡም። ርዕሰ መምህሩ እንግዲህ ልጁ ሊያፈገፍግ የማይችልበትን ተመልካች ራሳቸው ሰብስበው ያቀርቡለታል። በዚያ ሰልፍ ፊት የተቀማውን ክብር የሚያስመልስለት ይቅርታ መጠየቁ ሳይሆን መምህሩን መድፈሩ ነው፤ ሲደፍርም ሌላ ጥፋት ተብሎ ይመዘገብበታል።

አንዳንዱ ልጅ ከተዋረደ በኋላ ጸጥ እንደሚል አልክድም። ጸጥታውን እንደ መታረም መቁጠር ግን የቀጪውን ምቾት እንጂ የልጁን ለውጥ አያሳይም። በአደባባይ ንባብ ይህን ያህል የሚያምኑ ከሆነ፣ የራሳቸው የሥራ አፈጻጸም ግምገማም በዚያው ሰልፍ ላይ ይነበብላቸው።

ጥፋት አይቀጣ አላልኩም። የሰበረውን ይተካ፣ የበደለውን ይካስ፤ ይህን የሚነግረው ሰውም በሩን ዘግቶ፣ ከፊቱ ተቀምጦ፣ የእሱንም ቃል ሰምቶ ይንገረው። ይህ ጊዜ ይፈጃል ይሉ ይሆናል። አዎን፣ ይፈጃል፤ የሰልፉ ቅጣት የተወደደውም ስም ማንበብ አንድ ደቂቃ ስለማይሞላ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።