ማስተካከያ፦ ዛንታን ጋም ከነዳጅ አይሠራም

ለደሴና ለኮምቦልቻ ዳቦ ቤቶች በቅርቡ የተሰራጨ መረጃ ዛንታን ጋምን (ሊጥንና ፈሳሽን የሚያወፍር ዱቄት) «ከነዳጅ ተረፈ ምርት የሚሠራ ማጣበቂያ» ይለዋል። ይህ ትክክል አይደለም።

ዛንታንን የሚሠራው ዛንቶሞናስ ካምፔስትሪስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ጎመንን የሚያጠቃውም ይኸው ባክቴሪያ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ስኳር ይመገባል። ሙቀቱ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ አየርም በብዛት ይነፋለታል። ባክቴሪያው ስኳሮችን በሴሉ ውስጥ አምስት አምስት እያደረገ ይገጣጥማል። ከዚያ ረጅም ሰንሰለት አድርጎ ወደ ውጭ ይለቀዋል። ፈሳሹ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። ከዚያ በሙቀት ባክቴሪያው ይገደላል፣ ዛንታኑ በአልኮል ይለያል፣ ደርቆ ይፈጫል።

ግራ መጋባቱ የመጣው ከአጠቃቀሙ ይመስለኛል። የነዳጅ ጉድጓድ ቆፋሪዎችም የቁፋሮውን ጭቃ ያወፍሩበታል። የጥርስ ሳሙና፣ አይስክሬምና የጨርቅ ማተሚያ ቀለም ውስጥም ይገባል። አሜሪካ ለምግብ የፈቀደችው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። የምግብ ማሸጊያ ላይ በመለያ ቁጥሩ «ኢ415» ተብሎም ይጻፋል።

በተለይ የጤፍ ዳቦ ለምትጋግሩ ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ጤፍ ግሉተን (የስንዴ ሊጥ እንዲለጠጥ የሚያደርገው ፕሮቲን) ስለሌለው ሊጡ አየር አይዝም። ዛንታን ያንን ጉድለት በከፊል ይሞላል። ትንሽ ነው የሚበቃው፤ ሲበዛ ዳቦው ይሙለጨለጫል።