«ያው ዲስክ ነው» አሉን!

ሶኒ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ባዶ የብሉሬይ ዲስክ (ከዲቪዲ አብልጦ የሚይዘውን ታናሽ ወንድሙን) ማምረቱን ካቆመ ወዲህ የዲስክን መርዶ የሚያረዳው ሰው በዝቷል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ የቴክኖሎጂ አማካሪ ነኝ ባይ ይህንኑ መርዶ በአደባባይ ሲደግመው ሰማሁ። አንድ ሰው «የቤተሰባችንን ሰነዶች በዲቪዲ ላስቀምጥ አስቤያለሁ፤ የትኛውን ኤክስተርናል በርነር (ከውጭ የሚሰካ የዲስክ መጻፊያ)፣ የትኛውን ባዶ ዲስክ ልግዛ?» ብሎ በጨዋ ደንብ ጠየቀው። አማካሪው ከት ብሎ ሳቀ። «ወንድሜ፣ ዲስክ እኮ ከሞተ ቆየ። የግድ ነው ካሉ ፈጣን በርነር ይግዙ፤ ባዶው እንኳ ያው ዲስክ ነው፣ ርካሹን ያንሱ» አለና ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ።

ሳቁን እተውለታለሁ። «ያው ዲስክ ነው» ያላትን ግን አልተውለትም።

በመርዶው ላይ ብዙ አልቆይም። ሶኒ ያቆመው ባዶ ብሉሬይን፣ ሚኒዲስክንና የሚኒ ዲቪ ካሴትን ነው። አንድ ነጋዴ ጓዙን ጠቅልሎ ስለሄደ ገበያው ተበተነ አይባልም። እርግጥ ነው፣ ጥሩ ዲስክ የሚሠሩት እየቀነሱ ነው። በጥራቱ ይማልበት የነበረው የጃፓኑ ታይዮ ዩደን እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ከዚህ ሥራ ወጥቷል፤ ቨርባቲም የሚለውን የታወቀ የዲስክ ስም ደግሞ የታይዋኑ ሲኤምሲ እ.ኤ.አ. በ2019 ከሚትሱቢሺ ኬሚካል ለመግዛት ተዋውሎ ወስዶታል። ታዲያ ጥሩው ሲያንስ መምረጥ ይብሳል እንጂ «ያገኛችሁትን አንሱ» ይባላል እንዴ?

ሰውዬው አንድ ቀን አንድ ዲቪዲ ሰንጥቆ ውስጡን ቢያይ ኖሮ እንዲህ ባልተናገረ። ዲቪዲ እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት የፕላስቲክ ገበታዎች በሙጫ ተጣብቀው የሚሠራ ነገር ነው። በሁለቱ መካከል ስስ ቀለምና አንጸባራቂ ብረት ተቀብቷል። በርነሩ ቀይ ሌዘሩን አጠንክሮ ያንን ቀለም ይለበልበዋል፤ ጽሑፍ የሚባለውም ያ ጠባሳ ነው። ትንሿ ጠባሳ ርዝመቷ 0.4 ማይክሮሜትር፣ ከአንዱ መስመር እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀትም 0.74 ማይክሮሜትር ነው። በአንዲት የራስ ፀጉር ውፍረት ውስጥ መቶ ገደማ መስመር ይሰለፋል ማለት ነው። እንግዲህ በዚህ ልክ በጠበበ ሥራ ላይ ቀለሙ ወጥ ሆኖ ካልተቀባ፣ ሙጫው እስከ ጠርዙ ካልደረሰ፣ እርጥበት በጎን ገብቶ ብረቱን መብላት ከጀመረ ምን ይተርፋል? ቀለሙ ራሱ ፀሐይ አይወድም፤ መስኮት ላይ የተረሳ ዲስክ ቆይቶ ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል።

ፋይላችሁ የሚኖረው በዚያ ቀለም ላይ ነው፤ በርነሩ ውስጥ አይደለም። በርነሩ ብዕር ነው፣ ዲስኩ ብራናው። ብዕር ቢሰበር ሌላ ይቀረጻል፤ ብራናው በብል ከተበላ ግን የተጻፈውም አብሮ ሄደ። የእኛ አማካሪ ስለ ብዕሩ ደረቱን ነፍቶ ሲመክር ውሎ ብራናው ላይ ሲደርስ «ያው ነው» ይለናል።

ያው አለመሆኑን ያየሁት በገዛ እጄ ነው። ከዓመታት በፊት ለሥራ የቀረጽኳቸውን የድምፅ ቃለ ምልልሶች ወደ ዲቪዲ አወረድኩ። ግማሹን ስሙን ሰምቼው በማላውቀው፣ ሃምሳው ባንድ ዘንግ ላይ ተሰክቶ በሚሸጠው ርካሽ ዲስክ ጻፍኩት፤ እሱ ሲያልቅብኝ የቀረውን ከአንድ ወዳጄ በተዋስኩት ጥሩ ዲስክ ጨረስኩ። በርነሩ ያው፣ ሳምንቱ ያው፣ ፍጥነቱ ያው፣ የተቀመጡበት መደርደሪያም ያው። ከአራት ዓመት በኋላ ከርካሾቹ አንዱን ስከት በርነሩ ክርር ይላል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ክርር ይላል። መጀመሪያ ላይ ያሉት ፋይሎች እንደ ምንም ተከፈቱ፤ መጨረሻ ላይ ያሉት ግን ኮፒ ሲደረጉ ኮምፒውተሩን ይዘውት ደረቁ። ዲቪዲ የሚጻፈው ከመሃል ወደ ዳር ስለሆነ መጨረሻ የገባው ፋይል ጠርዙ ላይ ነው ያለው። አውጥቼ ወደ መብራቱ ቀና አደረግኩት፤ ሐምራዊ የነበረው ቀለም ዳር ዳሩን የጥፍር ስፋት ያህል ገርጥቶ ጭጋግ መስሏል። ጭረት የለበትም፤ የጣት አሻራ እንኳ የለበትም። ከጥሩዎቹ አንድም አልጠፋም።

«ይህ ያንተ ገጠመኝ ብቻ ነው» የሚለኝ ካለ ይበለኝ። ከዲስኩ በቀር የተለየ ነገር አልነበረም፤ ሌላ ምስክር አልጠራም።

ክፋቱ፣ ካርቶኑ ላይ የታተመው ስም ብዙ ጊዜ የአከፋፋዩ እንጂ የአምራቹ አይደለም። አንድ ስም ዛሬ ከአንዱ ፋብሪካ፣ ከርሞ ከሌላው ሊገዛ ይችላል። የአምራቹ መለያ ግን ዲስኩ ራሱ ላይ፣ በማይታየው መስመሩ ውስጥ በኮድ ተቀርጿል፤ ኢምግበርን የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ባዶውን ዲስክ እንደከተታችሁ ያሳያችኋል። ኮዱን ኮርጀው የሚያትሙ መኖራቸው አይካድም፤ ቢሆንም ካርቶን ከማመን ይሻላል። ስለዚህ መጀመሪያ ጥቂት ብቻ ግዙ፣ ኮዱን እዩ፣ አንዱን ጻፉና አንብቡት፣ ጠርዙን በመብራት መርምሩት። ከዚያ በኋላ ነው ሃምሳውን የምትሸከሙት። ሳጥኑ ላይ ለተጻፈው «መቶ ዓመት ይቆያል» ግን ጆሮ አትስጡ። መቶ ዓመት ጠብቆ ያየ የለም፤ በሙቀትና በእርጥበት ክፍል ውስጥ አስጨንቀው ያወጡት ስሌት ነው።

አሁን ወደ «ፈጣን በርነር» እንምጣ። የዲቪዲ 1 ኤክስ ማለት በሰከንድ 1.385 ሜጋባይት ነው። ላፕቶፕ አጠገብ የሚቀመጡት ቀጫጭን ኤክስተርናል በርነሮች ዲቪዲ የሚጽፉት አብዛኛውን ጊዜ እስከ 8 ኤክስ ነው፤ በሰከንድ 11 ሜጋባይት ገደማ። አሮጌው ዩኤስቢ 2.0 በወረቀት ላይ 60 ሜጋባይት ያሳልፋል። ታዲያ «ዩኤስቢ 3.0 ስለሆነ ይፈጥናል» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ምኑን ነው የሚያፈጥነው? ዩኤስቢ 3.0 የሚጠቅመው በሌላ በኩል ነው፤ 500 የነበረውን ወደ 900 ሚሊአምፔር አሳድጎ ለበርነሩ የተሻለ ኃይል ይሰጠዋል። ይህን ግን ማንም አይነግራችሁም። ጽሕፈት 97 በመቶ ላይ ደርሶ ቀጥ ያለባችሁና ዲስኩን የረገማችሁ ሁሉ መጀመሪያ ኬብሉን ተመልከቱ። አንዱን የዩኤስቢ ቀዳዳ ለአራት የሚያካፍለው ሀብ ላይ ሰክታችሁት ከሆነ በርነሩ በረሃብ ነው የቆመው። በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩት፤ ሁለት ጫፍ ያለው ኬብል አብሮት ከመጣም ሁለቱንም ሰኩ። ሌላው ተስማሚነት ነው፤ አፕል ይሸጠው የነበረው ሱፐርድራይቭ የተባለ በርነር ለምሳሌ የተሠራው ለማክ ብቻ ስለሆነ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ያለው ሰው በማማሩ ተታሎ እንዳይገዛው።

ስለ ፍጥነቱም ቢሆን፣ ሙሉ ዲቪዲ በ4 ኤክስ ለመጻፍ 15 ደቂቃ ገደማ፣ በ8 ኤክስ ደግሞ 8 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ለሰባት ደቂቃ ብሎ የዓመታት ሰነዱን ለችኮላ የሚሰጥ ሰው ካለ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት። ወዲያ ደግሞ «በ1 ኤክስ ብቻ ጻፉ» የሚሉ አሉ፤ እነሱም ተሳስተዋል። 16 ኤክስ የተባለ ዲስክ ቀለሙ ለፍጥነት የተቀመመ ስለሆነ እንዲያ ሲንቀራፈፉበትም አይወድም። መሃሉን ያዙ። ከጻፋችሁ በኋላ «ቬሪፋይ» የሚለውን፣ የተጻፈው ከዋናው ጋር መመሳሰሉን የሚያረጋግጠውን፣ አትዝለሉ፤ እስከ አፍንጫውም አትሙሉት። 4.7 ጊጋ የተባለው ኮምፒውተራችሁ ላይ 4.38 ሆኖ ነው የሚታየው፤ 4 ላይ ብታቆሙ ያ ደካማ ጠርዝ ይቀርላችኋል።

በዲስኩ ስም ላይ ያለው የመደመርና የመቀነስ ምልክት (ዲቪዲ+አር፣ ዲቪዲ-አር) ብዙ አያጨቃጭቅም። አሮጌ ማጫወቻ ላይ የሚታይ ከሆነ ዲቪዲ መቀነስ አር፣ ለኮምፒውተር ከሆነ የወደዳችሁትን። ባለ ሁለት ድርቡን 8.5 ጊጋ ግን ለማህደር አልመክርም፤ ሁለት ድርብ ሁለት ጣጣ ነው። አርደብሊው የሚባለውን፣ ተሰርዞ ዳግም የሚጻፍበትን፣ ጨርሶ አታስቡት፤ የዲስክ ትልቁ ጸጋ አለመሰረዙ ነውና።

እዚህ ላይ ነው አማካሪው ያልገባው። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ሲገባ የተሰካውን ሃርድ ዲስክም፣ ፍላሹንም አብሮ ይቆልፋል። ክላውዱ ራሱ ከኮምፒውተራችሁ ጋር እኩል እየተናበበ የሚሄድ ከሆነ የተበላሸውን ፋይል በታማኝነት ወደ ላይ ይወስድላችኋል። አንዴ ተጽፎ የተዘጋ ዲቪዲ ላይ ግን ቫይረሱ ምን ያደርጋል? ቀለሙ ተለብልቧል፤ ወደ ነበረበት የሚመልሰው የለም። ልጅ ነካክቶ አይሰርዘውም፣ የይለፍ ቃል ስለጠፋ አይዘጋም፣ ወርሃዊ ክፍያ ስለዘገየ አይታገድም።

«4.7 ጊጋ ምን ይይዛል?» ሲሉም ሰምቻለሁ። አንድ ስካን የተደረገ ገጽ ግማሽ ሜጋ ቢሆን 4 ጊጋ ላይ ብናቆም እንኳ 8,000 ያህል ገጽ ይገባል። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የውል ሰነድ፣ የሐኪም ወረቀት ተደምሮ ስንት ቤተሰብ ነው 8,000 ገጽ የሞላው? በቴራባይት የሚቆጠር ቪዲዮ ያለው ሰው ሃርድ ዲስክ ይግዛ፤ በዚህ አልከራከርም። ጠያቂው ግን የጠየቀው ስለ ሰነድ ነበር።

ስለዚህ መልሱን ካላገኘ እኔ ልመልስለት። ወንድሜ፣ ስም ካለው አምራች ማንኛውንም ቀጭን በርነር ይግዙ፤ በእሱ ላይ አይጨነቁ፣ የተረፈዎትን ለዲስኩ ያውሉት። ከሁለት የተለያዩ አምራቾች ገዝተው አንዱን ሰነድ ሁለት ጊዜ ይጻፉት፤ ሁለተኛውን ሌላ ቤት ያስቀምጡት። ወረቀት አይለጥፉበት፣ በስክሪብቶም አይጫኑት፤ ለስለስ ባለው የዲስክ ማርከር ቀኑን ብቻ ይጻፉ። በየሽፋኑ ቆሞ፣ ከብርሃን ርቆ ይቀመጥ። የዛሬ ዓመት አውጥተው ሁለቱንም ይክተቷቸው፤ የመጨረሻው ፋይል ከተከፈተ ለያ አማካሪ ደውለው ያስደምጡት።