መርዶ እና ማስረጃ

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኖቬምበር 3 ቀን 2020 ነበር። ያን ዕለት አሜሪካውያን ፕሬዚዳንት ለመምረጥ ተሰልፈው ዋሉ። ያን ሌሊት በእኛ አገር የሰሜን ዕዝ ተጠቃ፤ ጦርነት ተከፈተ። እኔ በሜሪላንድ አንድ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። በማረፊያ ክፍላችን ቴሌቪዥን ላይ የግዛቶቹ ካርታ ቀይና ሰማያዊ እየተቀባ ሲሄድ፣ በኪሴ ያለው ስልክ ስለ መቀሌ በሚጠይቅና ስለ መቀሌ በሚያወራ መልእክት ይርገበገብ ነበር። ሁለቱም አገሮች በአንድ ሌሊት «ማንን እንመን?» ወደሚል ጠብ እንደገቡ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ሥራዬ ነርስነት ነው። ለሰው ደም ከመስጠታችን በፊት ሁለት ሆነን አልጋው አጠገብ እንቆማለን። አንዱ የታካሚውን ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የደም ዓይነትና የከረጢቱን ቁጥር ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው ያመሳክራል። ታካሚውን ለወራት ብናውቀው እንኳ ስሙን እንጠይቀዋለን። ያን ከረጢት ከእኔ ጋር እያመሳከሩ የሚሠሩ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንዷ የዚሁ አገር ተወላጅ ናት፤ ሌላዋ የዐድዋ ልጅ።

አሜሪካዊቷ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርታለች። አንድ ቁጥር ከተዛባ ከረጢቱን ወደ ደም ባንክ ትመልሳለች እንጂ የጽሕፈት ስሕተት ይሆናል ብላ አታልፍም። ይህችው ሴት ምርጫው ተሰርቋል ብላ ታምን ነበር። የጆርጂያ ግዛት አምስት ሚሊዮን የሚያህል ድምፅ በእጅ አስቆጠረ፤ ከዚያ በማሽን ደገመው። ልዩነቱ 11,779 ድምፅ ሆኖ ጸና። ቆጠራውን በበላይነት የመሩት ባለሥልጣን የተሸናፊው ፕሬዚዳንት የትራምፕ ፓርቲ አባል ነበሩ። ከ60 የሚበልጡ ክሶች በየፍርድ ቤቱ ቀርበው ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደቁ፤ ከጣሏቸው ዳኞች መካከል ትራምፕ ራሳቸው የሾሟቸው ነበሩበት። ይህን ሁሉ አንድ ሌሊት ዘርዝሬ ነገርኳት። በትዕግሥት አዳመጠችኝና «ዳኞቹም የእነርሱ ናቸው» አለችኝ።

ከዚያ ታኅሣሥ 28 መጣ፤ የገና ዋዜማ። ለበዓሉ ሽንኩርት እየከተፍን ሳለ፣ ከቤታችን ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ያለው የካፒቶል ሕንፃ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት መቀመጫ፣ መስኮቱ በትራምፕ ደጋፊዎች ሲሰበር በቴሌቪዥን አየን። እኅቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። «እናንተም ዘንድ እንዲህ ይደረጋል?» አለችኝ። መልስ አጣሁላት። ሌሊቱን ግን የምክር ቤቱ አባላት ወደዚያው የመስታወት ስብርባሪ ወደሞላበት አዳራሽ ተመልሰው የምርጫውን ድምፅ ቆጠራ ጎሕ ሳይቀድ ጨረሱት። የሥራ ባልደረባዬ በዚያም አላመነች፤ እስከ ዛሬም አታምንም። አገሩ ግን የእርሷን ማመን ሳይጠብቅ ሥልጣን አስረከበና ቀጠለ።

ይህን ስል አሜሪካን ማሞገሴ አይደለም። በጥር 2017 ዓ.ም. በዚያ ዕለት ወንጀል የተከሰሱ 1,500 የሚያህሉ ሰዎች ምሕረት ሲሰጣቸው ሆዴ ተረብሿል። ማስረጃ በዚህ አገርም ይረገጣል። ነገር ግን የሚረገጥበት መዝገብ አለው። የከሰሰ ሰው ዳኛ ፊት ቆሞ «አቅርብ» ይባላል። ፎክስ ኒውስ የተባለው ጣቢያ ስለዚያ ምርጫ ባሰራጨው ሐሰት በስም ማጥፋት ተከሶ እ.ኤ.አ. በ2023 ለድምፅ መቁጠሪያ ማሽን አምራቹ 787.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እኛ በዚሁ በዋሽንግተን አካባቢ ተቀምጠን በአማርኛና በትግርኛ ያሰራጨነውን ያህል ቢሰላ ማን ይከፍለው ነበር? በእኛ ዘንድ ሐሰት አላስከፈለም፤ እንዲያውም ከፈለ። በየዩቲዩቡ ብዙ ሬሳ የጠራ ብዙ ተመልካች አገኘ።

«ዳኞቹም የእነርሱ ናቸው» የሚለውን መልስ በራሳችን ቋንቋ ለመስማት ብዙ አልጠበቅኩም። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ በተከፈተ በዓመቱ፣ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በጋራ ያጣሩትን ሪፖርት አወጡ። ሁሉም ተፋላሚዎች ግፍ እንደፈጸሙ ለማመን የሚያበቃ ምክንያት እንዳለ ይናገራል። አንደኛው ወገን ኮሚሽኑ የመንግሥት ነው አለ፤ ሌላኛው የተባበሩት መንግሥታት የጠላት ነው አለ። ሪፖርቱን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው ግን ከማውቃቸው መካከል በጣት የሚቆጠር ነው። የእኔ ወገን የፈጸመውን በደል የሚናገረው ገጽ ሐሰት፣ ሌላው የፈጸመውን በደል የሚናገረው ገጽ እውነት ተባለ፤ ሁለቱም ገጾች በአንድ እጅ የተጻፉ ነበሩ።

የኤርትራ ወታደር ትግራይ ገብቷል ሲባል ለወራት «ማስረጃ የላችሁም» እያሉ የሞገቱ ወዳጆች ነበሩኝ። መጋቢት 2013 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው በፓርላማ አመኑ። በማግስቱ ከእነዚያ ወዳጆቼ አንዱን ስጠይቀው «ይህማ ድሮም የታወቀ ነው» አለኝ። ተሳስቻለሁ የሚል ቃል አልወጣውም። ክህደቱ ሲፈርስ ባለቤቱ በሌላ በር ወጥቶ ሌላ ክህደት ደጃፍ ላይ ይቆማል። አሜሪካዊቷም እንዲሁ ነበረች፤ ማሽኑ ነው ትል ነበር፣ በእጅ ሲቆጠር ወረቀቱ ነው አለች።

የዐድዋዋ ባልደረባዬ ግን ምን በር ነበራት? እናቷ የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ። ስልኩ በጥቅምት 24 ተቋረጠ፤ በመሐል ለጥቂት ጊዜ ተከፍቶ ሰኔ 2013 ማብቂያ ላይ እንደገና ጨለመ። በመቀሌ የዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች ኢንሱሊን እያለቀባቸው መሆኑን ሲያሳውቁ፣ እርሷ እዚህ በየሌሊቱ ለማያውቋት ሰዎች ኢንሱሊን ትወጋ ነበር። አንድ ቀን በማረፊያ ክፍሉ «በመድኃኒት እጦት ሰው እየሞተ ነው» አለች። የኛው አገር ሰው የሆነ ሌላ ሠራተኛ ቀና ብሎ «ማስረጃ አለሽ?» አላት። እርሷም «ስልኩን ቢከፍቱት አቀርብ ነበር» ብላ ወጣች።

በሌላ ቤት ደግሞ የጎንደር ልጅ የሆነ ጓደኛዬ ተቀምጧል። የአጎቱ ልጅ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ እንደወረደ ማይካድራ ላይ ቀረ፤ ጥቅምት 30 ቀን 2013። ይህንንም የሰማ ሰው «ማን ገደለው? ማስረጃ አለህ?» ብሎታል፤ የጠየቀው ደግሞ በአክሱም ጽዮን ዋዜማ ስለተገደሉት ማስረጃ ሲጠየቅ የሚያለቅስ ሰው ነበር። ለአክሱም ያለቀሰው ለማይካድራ ዓይኑ ይደርቃል፤ ለማይካድራ ያለቀሰው ለአክሱም። ለጭና፣ ለቆቦ፣ ለጋሊኮማም እንዲሁ። እኔ የማምነው ይህን ነው፦ ብዙዎቻችን ማስረጃ የጠየቅነው ከለቅሶ ለመሸሽ ነበር። የሌላው ሬሳ ሬሳ መሆኑ ከተረጋገጠ ማልቀስ ይመጣል፤ ማልቀስ ከመጣ ደግሞ ወገን ይላላል ብለን ፈራን። እኔም አልዳንኩም። የተቃጠለ መንደር ፎቶ ተልኮልኝ ሳላጣራ ለሃያ ሰው አስተላልፌያለሁ፤ የሌላ አገር ጦርነት ፎቶ ነበር። ከሃያዎቹ ለአሥራ አንዱ ደውዬ አርሜአለሁ። የቀሩት ምን ብለው እንዳመኑ አላውቅም፤ እስከ አሁን ይቆረቁረኛል።

የአገር ቤቱን ሰው ከእኛ ጋር እኩል ልወቅስ አልችልም። እዚያ መንገዱ ተዘግቶ፣ ጋዜጠኛ ተከልክሎ፣ ስልክ ጠፍቶ ሰው ከእምነቱ በቀር የሚይዘው አልነበረውም። የቆጠረም ሰው አይወደድም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የተሠየመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሰዎች መገደላቸውን ሲያገኝ፣ ሊቀመንበሩና ምክትላቸው ድምዳሜያችሁን ለውጡ ተብለናል ብለው ከአገር ወጡ። ከዚያ ወዲህ ያደገ ወጣት ቁጥር ሲሰማ «ማን ቆጠረው?» ሳይሆን «የማን ወገን ቆጠረው?» ብሎ ቢጠይቅ ከእኛ ያየውን ነው። የሰሜኑ ጦርነት ስንት ሰው እንደበላ እንኳ አናውቅም። የአፍሪካ ኅብረት መልእክተኛ ሆነው ያሸማገሉት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ እስከ 600 ሺህ ሊደርስ ይችላል ብለዋል፤ ሌሎች ከዚያ በብዙ ያሳንሱታል። እዚህ የአንድ ግዛት የድምፅ ልዩነት 11,779 መሆኑን እስከ መጨረሻዋ ወረቀት አውቃለሁ። እዚያ በመቶ ሺህ የሚቆጠር የሰው ነፍስ ላይ ተቀምጠን እንጨምርና እንቀንሳለን። ይህን ማነጻጸር በጻፍኩ ቁጥር እጄ ይከብደኛል።

እኛ ግን ስልካችን ክፍት ነበር። መጻፍም መጠየቅም የሚከለክለን አልነበረም። በዋሽንግተን አደባባይ አንዱ ወገን ሰልፍ ሲወጣ ሌላው በሌላ ቀን ይወጣ ነበር፤ ፖሊስ ሁለቱንም ጠብቆ ይሸኛል። በዚያ ነፃነት የሠራንበት ግን ዕድር ለሁለት መክፈል፣ ቅዳሴ መለየት፣ የልጅ ክርስትና ላይ መቅረት ሆነ።

ማስረጃ ለእኛ ከውጭ የመጣ ዕቃ አይደለም። አያቶቻችን «ተጠየቅ» እየተባባሉ የሚሟገቱ፣ እማኝ የሚቆጥሩ ነበሩ። ከሁሉ በላይ ግን መርዶን አስቡ። በባህላችን ቁርጡ ሳይታወቅ መርዶ አይነገርም። ሰው ሞተ የሚል ወሬ የሰማ ሁሉ ወደ ሟቹ ቤተሰብ አይሮጥም። መጀመሪያ ይጠየቃል፤ መቼ? የት? ማን አየ? ማን ቀበረ? ቁርጡ ሲገኝ ሽማግሌ ይመረጣል፤ ሳይነጋ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ በር ይንኳኳል። በሩን የሚያንኳኳው ሰው ቃሉን በነፍሱ አስይዞ ነው የሚሄደው፤ በሕይወት ያለ ሰው ሞተ ብሎ ማርዳት ይቅር የማይባል ነውር ነውና። ይህን ያህል ጠንቃቃ የነበርን ሰዎች በስልካችን የሺዎችን መርዶ ያለ ሽማግሌና ያለ እማኝ፣ በእኩለ ቀን፣ ከሳቅ ምልክት አጠገብ አስተላለፍን። እውነተኛውም መርዶ ዘገየ። በጥቅምት 2016 መጀመሪያ በትግራይ የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ የተሰዉ ተዋጊዎች መርዶ ለየቤተሰቡ ሲነገር፣ ጦርነቱን ያቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ዓመት ሊሞላው ነበር። እስከዚያ ድረስ ስንት እናት የማይመጣ ልጅ ስትጠብቅ ኖራለች።

የዐድዋዋ ባልደረባዬ መርዶ የደረሰን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 የመንገደኞች በረራ ዳግም ተጀምሮ የመጀመሪያው አውሮፕላን መቀሌ ካረፈ በኋላ ነው። ወንድሟ ስልክ ሲያገኝ እርሷን አልጠራም፤ እንደ ወጉ ወደ እኔ ደወለ። እናታቸው አርፈዋል። እኔም ወደ አንድ አዛውንት ሄድኩ፤ ታክሲ እየነዱ ልጆች ያሳደጉ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ደስ ብሎኝ አልሄድኩም፤ በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ «ማስረጃ አለሽ?» ከሚሉት ወገን ነበሩ። ነገር ግን የመርዶ አዋቂ በመካከላችን እርሳቸው ብቻ ናቸው።

ዝም ብለው ሰሙኝና «ቁርጡን ሳላውቅ በሯን አላንኳኳም» አሉ። ቁጥር ተቀብለው ሲደውሉ አመሹ። ወንድሟን አናገሩ፤ ከዚያ የአጥቢያቸውን ቄስ፤ ከዚያ ሬሳውን ያጠቡትን ጎረቤት። መሥመሩ በተቋረጠ ቁጥር እንደገና ይደውላሉ። መድኃኒቱ ካለቀ ስንት ቀን እንደቆዩ ጠየቁ፤ ጎረቤቲቱ ነገሯቸው። ጋሼ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ ግድግዳውን አዩ። ጓደኛዬ፣ ያ የማይካድራ ሐዘንተኛ፣ ሰምቶ መጣና «እኔም እሄዳለሁ» አለ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት በበረዶ ላይ እየረገጥን በሯ ደረስን። ከፈተች። ሦስታችንን በዚያ ሰዓት ስታይ እጇ ከበሩ እጀታ ላይ አልተነሣም። «እናቴ ናት?» አለች። ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«መቼ?»

ቀኑን ነገሯት፤ ነሐሴ 2013 ውስጥ፣ ከፍልሰታ ጾም ፍቺ አስቀድሞ።

«ማን ቀበራት?»

ጋሼ ወረቀት ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ያጠቧቸውን፣ የገነዟቸውን፣ የተሸከሟቸውን፣ ፍትሐት ያደረሱትን ቄስ፣ አንድ በአንድ በስም አነበቡላት። እርሷ እያንዳንዱን ስም ከኋላቸው እየደገመች ታለቅስ ነበር፤ ሁሉንም ታውቃቸዋለች።