ለአራት ዓመት ልጅ «ስንተኛ ወጣህ?» አይባልም

እንግዳ ቤት ይመጣል። ሕፃኑን ጉልበቱ ላይ ያስቀምጥና «ስምህ ማን ነው?» ይለዋል። ልጁ «ሦስተኛ!» ብሎ ይመልሳል።

በልጆቻቸው ትምህርት ስለሚጣደፉ ወላጆች ከሚቀለዱት ቀልዶች ሁሉ ዒላማውን ያልሳተው ይህ ነው። አባት እኩለ ሌሊት ላይ ለኬጂ ልጁ የካርቶን ቤት ሲለጥፍ፣ እናት ጥርስ ላላበቀለ ሕፃን አስጠኚ ስታፈላልግ የሚያሳዩት ቀልዶች ስቀው የሚያበቁት በእናትና በአባት ላይ ነው። የሥሙ ቀልድ ግን ደረጃውን ራሱን ይነካል። ሊነካም ይገባል፤ ኬጂ ውስጥ የሚሰጥ ደረጃ ስለ ልጁ ጭንቅላት የሚናገረው ነገር በጣም ጥቂት ነውና።

40 ልጆች ያሉበት ክፍል እንውሰድ። የሁሉም አማካይ ውጤት ከ88 እስከ 99 ባለው መካከል ቢወድቅ፣ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ሦስት አራት ልጅ ይታጨቃል። ጉንፋን ይዞት በአማካይ ሁለት ነጥብ የጣለ ልጅ ከ10ኛ ወደ 17ኛ ይወርዳል። ካርዱ ላይ የሚታየው ግን 17 ቁጥር ብቻ ነው፤ ቤተሰብም የሚቆጣው በዚያ ነው።

ከዚህ የከፋው የልደት ወር ነው። መስከረም ላይ አራት ዓመት የሞላውና ነሐሴ ላይ ገና የሚሞላው ልጅ አንድ ክፍል ይቀመጣሉ። መካከላቸው 11 ወር አለ። ትምህርት ሲጀመር ትልቁ 48 ወር ኖሯል፣ ትንሹ 37። ክፍተቱ የትልቁን ዕድሜ ሩብ ሊያህል ምንም አልቀረውም። ሁለቱም ዐሥር ዓመት ሲጨምሩ ያው 11 ወር ከትልቁ ዕድሜ ዐሥራ አምስተኛው እጅ ብቻ ይሆናል። በአራት ዓመቱ «ሰነፍ» የተባለው ልጅ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ነሐሴ ውስጥ መወለዱ ነው።

ወደ እጁ እንምጣ። የአዋቂ ሰው የእጅ አንጓ ስምንት ትንንሽ አጥንቶች አሉት። ሲወለድ ሁሉም ለስላሳ ናቸው፤ አንድ በአንድ እየጠነከሩ ይሄዳሉ፤ በ6 ዓመት እንኳ ሁሉም አልተሟሉም። ብዙ ልጆች ክብ አስመስለው የሚስሉት በ3 ዓመት ገደማ፣ መስቀል በ4፣ አራት ማዕዘን ከዚያ ቀጥሎ፣ ሦስት ማዕዘን በ5 ገደማ ነው። ሰያፍ መስመር መጨረሻ ይመጣል። አሁን ፊደላችንን በዚህ ዓይን እዩት። ሀ ግማሽ ክብ ነው፤ የሦስት ዓመት ተኩል ልጅ ይሞክረዋል። ተ መስቀል አለበት፤ በ አንድ ጎኑ የተከፈተ ሣጥን ነው። ለ እና ሰ ግን እግራቸው እንደ ጎጆ ጣራ ሰያፍ ነው። ስለዚህ ልጁ በሁለተኛው ቀን ከሀ ወደ ለ ሲሻገር የሚያለቅሰው ስላልገባው አይደለም። ማንበቡ በ«ሀ ሁ ሂ» ቅደም ተከተል ይቀጥል፤ መጻፉ ግን እጅ በሚችለው ቅደም ተከተል ይሁን። በቄስ ትምህርት ቤትም ልጅ ፊደሉን በስንጥር እየጠቆመ ዳዊት እስኪደግም ያነብ ነበር፤ ቁም ጽሕፈት ሌላ፣ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር።

የቤት ሥራው አንድ ሙሉ ገጽ «ለ» ሲሆን ምን ይፈጠራል? የመጀመሪያዎቹ ሦስት መስመሮች ደኅና ናቸው። ከዚያ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ እርሳሱን በቡጢ ይጨብጣል፣ ወረቀቱ ይቀደዳል። በዚህ ጊዜ እናት እጁን ይዛ ታጽፈዋለች። ጉዳቱ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ የተያዘ እጅ ይለግማል እንጂ አይማርም። በማግሥቱ መምህሯ ያማረ ገጽ ታያለች፣ ክፍሉ የቻለ ይመስላታል፣ ሁለት ገጽ ትሰጣለች። የቤት ሥራውን ያበዛው የወላጆች እጅ ነው።

ይልቅ ዐሥር ደቂቃ ሲሞላ አስቁሙት። ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ «ሦስት መስመር ጽፏል፣ ከዚያ እጁ ደክሟል» ብላችሁ ፈርሙ። ይህ ለመምህሯ ከማንኛውም ያማረ ገጽ የበለጠ መረጃ ነው። እርሳሱ አጭር ይሁን፤ አምስት ሴንቲ ሜትር የምታህል ቁራጭ ለቡጢ አትመችም፣ ሦስት ጣት ብቻ ነው የሚይዛት። እግሩ ከወለል ካልደረሰ ሥሩ ሣጥን አስገቡ፤ እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ ጉልበቱ የሚያልቀው ላለመውደቅ ነው።

ጣት የሚጠነክረው ደግሞ ያለ እርሳስ ነው። ብይ የሚመታ አውራ ጣት፣ ምስር የሚለቅም፣ አተር የሚፈለፍል፣ ሊጥ የሚያቦካ እጅ፣ በቅልልቦሽ ጠጠር የሚቀልብ መዳፍ፤ አስጠኚ የሚከፈልበትን ሥራ በነፃ ይሠራሉ። ፊደሉንም በጣቱ ትሪ ላይ በተነሰነሰ ዱቄት ይጻፈው፤ ቢሳሳት በመዳፉ ያብሰዋል፣ ላጲስ አይፈልግም።

የወላጆቹ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ይገባናል። በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን የሰማ ወላጅ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ግን እዚያ የሚያደርሰው ያነበቡትን መረዳት ነው። መረዳት የሚጠራቀመው ደግሞ ወላጅ በሚገባ በሚናገረው ቋንቋ፣ በተረትና በእንቆቅልሽ፣ «ለምን?» ሲባል ሳይሰለቹ በመመለስ ነው። ሠላሳ ደቂቃ ተረት የሰማ ልጅ ያን ምሽት ከገጽ ሙሉ «ለ» የበለጠ ተምሯል።

በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ፤ ከኬጂ ካርድ ላይ «ደረጃ» የሚለው መስመር ይውጣልን። በቦታው ልጁ የሚችለው ይጻፍ፤ ቁልፉን ራሱ ይቆልፋል፣ ተረት ሰምቶ መልሶ ይናገራል፣ እስከ 20 ጠጠር ይቆጥራል፣ ተራውን ይጠብቃል። አንድ ወላጅ ብቻውን ከጠየቀ ዝም ይባላል። ዐሥር ወላጅ ፈርሞ ካስገባ ግን ርእሰ መምህሩ መልስ መስጠት ይኖርበታል።