የመስከረምን ዘፈን ማን ቆጠረው?

ባለፈው ሳምንት አንድ የኤፍኤም አቅራቢ «የሴፕቴምበር አሥር ምርጥ ዘፈኖች» ብሎ ደረደረልን። መስፈርቱ አንድ ብቻ ነው፤ የዩቲዩብ እይታ። አንድ ልጅ ከባሕር ዳር ደውሎ «እኛ ሠፈር ቀኑን ሙሉ የሚሰማው ዘፈን የት ገባ?» ሲለው፣ «እይታ አይዋሽም፤ ጥሩ ቢሆን ይታይ ነበር» ብሎ ሸኘው። ሳቀበትም። ደሜን ያፈላው ሳቁ ነው።

ለነገሩ ወሩም ያናድዳል። ሴፕቴምበር ማለት ከነሐሴ 26 እስከ መስከረም 20 ነው። የክረምቱን ጭራ ይዞ፣ ጳጉሜን ውጦ፣ መስከረምን ሳይጨርስ ያልቃል። ትዝታውን እንዲህ የሚቆራርጥ ማነው? አልበም አውጪው እንኳ እንቁጣጣሽን ወይ ፋሲካን ጠብቆ ነው የሚያወጣው። ይሁን፣ ይህንን እንለፈው።

ማለፍ ያቃተኝ «እይታ አይዋሽም» የምትለው ናት። እይታ የሚቆጥረው ጆሮ አይደለም፤ ዳታ ያለው ስልክ ነው። አማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት የሞባይል ዳታ ተዘግቶበት ነበር። ባሕር ዳር የ2016ን እንቁጣጣሽ ያለ ዳታ ነው ያከበረችው። በዚያ መስከረም እዚህ ዘፈን አልተሰማም ማለት ነው? እግዜር ያሳያችሁ!

ተሰማ እንጂ! በፍላሽና በሚሞሪ ተሰማ። ዘፈን የሚጭን ልጅ ጋ ሄደህ «አዲስ የገባውን ጫንልኝ» ትላለህ። አንዱ ከአዲስ አበባ በኪሱ ይዞት ይመጣል፤ ሳይውል ሳያድር ከተማው ሁሉ ጋ ነው። ይህንን የሚቆጥር ዩቲዩብ የለም።

የእኔ መለኪያ ባጃጅ ነው። አትሳቁ። የባጃጅ ሹፌር አንዱን ፍላሽ ከጠዋት እስከ ማታ ይሰማል። የማይረባውን ዘፈን በሦስተኛው ቀን ያልፈዋል፤ ሌላ ሰው ቢሆን አንዴ ሰምቶ «ቆንጆ ነው» ብሎ ይረሳዋል። ደግሞ ብቻውን አይሰማም። ከኋላው ሦስት ሰው ተጣቦ ተቀምጧል። ማንኛቸውም ያንን ዘፈን ፈልገው አልተሳፈሩም። አንዷ «ልጄ፣ ቀንሰው እንጂ» ካለች ዘፈኑ ወደቀ። ዝም ካለች አለፈ። ጣቷ ዘንቢሉን መምታት ከጀመረ ግን አለቀ፤ የወሩ ዘፈን ተገኘ።

በዚህ መስከረም ያየሁትን ልንገራችሁ። እዚሁ ባሕር ዳር፣ በባጃጅ ከአባይ ማዶ ተነስተን ወደ ጊዮርጊስ እንመጣለን። ከጎኔ ከገበያ የምትመለስ እናት አለች፤ ከእሷ ወዲያ አንድ ተማሪ። ድልድዩን እንደተሻገርን ዘፈኑ አለቀና ሌላ ገባ። እናትየዋ አንገቷን ሰገግ አድርጋ፣ «አንተ፣ እስቲ መልሳት ያችን» አለችው። «እሺ እናቴ» አለና መለሳት። ተማሪው ጆሮው ላይ የሰካውን ማዳመጫ አወለቀ። ጊዮርጊስ ደርሰን ማንም «ወራጅ» አላለም፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ ተቀመጥን። ያ ዘፈን ከአሥሩ ውስጥ የለም።

አቅራቢው ያችን እናት ከእይታው ውስጥ ፈልጎ ያውጣት እስቲ! ያ ባጃጅ ቀኑን ሙሉ ስንቱን ሲያወጣና ሲያወርድ ዋለ? ሁሉም ሰምተዋል፤ ዩቲዩብ ጋ ግን ዜሮ ናቸው። አንዱ ደግሞ ስልኩን ከፍቶ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ዘፈኑ ሲዞር ያድራል። እሱ ተቆጠረ። ያንኮራፋው ሰው ድምፅ ሰጠ፣ ሴትዮዋ ቀረች። ይቺ ናት የማትዋሸዋ እይታ!

እይታ ማስታወቂያ ለሚሸጥ ሰው ይጠቅማል፤ እሱን አልክድም። ከዚያ በላይ ግን አልሄድም። ጥላሁን ገሠሠ ክብር ዘበኛ ሲዘፍን የትኛው ዩቲዩብ ቆጠረለት? በ2001 ሲያርፍ ዩቲዩብ ገና የአራት ዓመት ሕፃን ነበር። አገር በእንባ የሸኘው እይታ ደምሮ ነው?

«አንተስ፣ የመስከረም አንደኛህ የቱ ነው?» ለምትሉኝ፣ እኔ ጋ አንደኛው የእንቁጣጣሽ ዕለት ጠዋት በሬን አንኳኩቶ መጣ። ስድስት ሴት ልጆች ናቸው። አንድ ከበሮ፣ በእጃቸው እንግጫና አደይ። አውጪዋ «አበባየሁ ወይ» ትላለች፤ ሌሎቹ «ለምለም» ይላሉ። አዝማናት የሚያውቁት ዜማ ነው። መሀል ላይ ትንሿ ልጅ ያችን የባጃጅ ዘፈን ዜማ አስገባችበት። ታላቋ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። ልጅት ግን ወይ ፍንክች! ከበሮ የምትመታዋም ተከተለቻት።